ትልቁን የበሬ ሥጋ የሚያደርቀው የቅመም ማነስ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በኦቨን ስለሚጠበስ ትልቅ የበሬ ሥጋ በጋዜጣና በመጽሔት የሚወጡ መመሪያዎች አብዛኛውን ቦታ ለቅመም ይሰጣሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ፍሬ፣ ኮምጣጤው ስንት ማንኪያ፣ ዘይቱ ስንት ሲኒ እንደሆነ በዝርዝር ይነገረናል። ጨው ሲደርስ ግን «በልክ»፣ እሳቱ ሲደርስ «መካከለኛ»፣ ማብቂያው ሲደርስ «እስኪበስል» ተብሎ ይታለፋል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። የ3 ኪሎ ሥጋ ዕጣ የሚወሰነው ጨው በገባበት ሰዓትና መጠን፣ በላዩ ድርቀትና በመሐሉ ሙቀት ነው፤ ቅመም የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። አንባቢ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ሥጋ በመመሪያ ጉድለት ሲበላሽ ዝም ማለት ስለማይገባ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ከመዘፍዘፉ ልነሳ። በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በወይን ጠጅ ውስጥ ያደረ ትልቅ ሥጋ ቅመሙን እስከ መሐሉ ይጠጣል ተብሎ ይታመናል። አይጠጣም። የነጭ ሽንኩርት፣ የቁንዶ በርበሬና የቅጠላ ቅጠል ጣዕም ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይም ከላይኛው ጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ጥሬ ቀይ ሥጋ 75 በመቶ ያህሉ ውኃ በመሆኑ ዘይት ወደ ውስጡ አይዘልቅም፤ በዘይት የሚሟሙት መዓዛዎችም ከዘይቱ ጋር ላይ ይቀራሉ። አሲዱ ደግሞ ያለሰልሳል ሲባል የላይኛውን ፕሮቲን አኮማትሮ ውኃውን ያስለቅቀዋል፤ ብዙ ሰዓት ከቆየም ላዩ ገርጥቶ ሲያኝኩት የሚፈረፈር ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው 10 ሴንቲሜትር ሥጋ ምንም አልተነካም። ጥሬ ፓፓያ፣ አናናስና ዝንጅብል ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ስላሏቸው ሥራቸው ከአሲድም የበረታ ነው፤ ነገር ግን እነሱም የሚሠሩት ላይ ላዩን ነው፤ ትልቅ ሥጋ ላይ የሚያተርፉት የላሸቀ ሽፋንና ያልለሰለሰ መሐል ነው። ስስ ተደርጎ ለተቆራረጠ ሥጋ መዘፍዘፍ ይጠቅማል፤ ለትልቅ ወጥ ብልት ግን ጥቅሙ ከላዩ አያልፍም። መዘፍዘፍ የሚወድ ሰው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢያደርገው፣ ወደ ኦቨን ከመግባቱ በፊትም ላዩን በወረቀት ፎጣ አጥብቆ ቢያደርቀው ጉዳቱ ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ የተኛበትን ፈሳሽ ሳያፈሉ በሶስ መልክ ማቅረብ ግን በፍጹም አይገባም።

ወደ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው። ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልበዋል፤ ውኃው ወጥቶ ጨውን ያሟሟል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ «ሥጋው ደረቀ» ብሎ ይደነግጣል። ቢታገሡት ግን ጨዋማው ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ ጨውም በጡንቻው ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በከፊል አሟሙቶ በሙቀት ጊዜ ውኃን አጥብቀው እንዲይዙ ያደርጋቸዋል። ጨው የተኛበት ሥጋ ሳይጨመርበት ከተጠበሰው ይልቅ ወዙን ጠብቆ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጨውን እንደ ጣዕም ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው።

መጠኑ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካ። ለአንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ 12 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከ10 ግራም በታች ሲሆን መሐሉ አልጫ ይሆናል፣ ከ15 ሲያልፍ ደግሞ ከትሪው የሚወጣው ፈሳሽ ለሶስ አይሆንም። በዚህ ስሌት 3 ኪሎ ሥጋ 36 ግራም ይወስዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሻካራው ጨው ክብደት ግን እንደ ቅንጣቱ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በማንኪያ የተጻፈ መመሪያ አንዱን ቤት ጨው ያበዛበትና ሌላውን ቤት አልጫ የሚያደርግበት ምክንያቱ ይኸው ነው። አጥንት ካለው የአጥንቱን ክብደት በግምት መቀነስ፣ ሶያ ሶስ ወይም ጨው ያለበት የቅመም ድብልቅ ከተጨመረም የጨዉን መጠን በዚያው ልክ ማሳነስ ያስፈልጋል።

ሰዓቱም እንደ መጠኑ ነው። ውፍረቱ እስከ 8 ሴንቲሜትር ለሆነ ሥጋ አንድ ቀን፣ ከዚያ ለሚወፍር ሁለት ቀን ይበቃል። ሥጋው ከሥሩ ትሪ ባለው የሽቦ ፍርግርግ ላይ ተቀምጦ በፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ፣ ሳይሸፈን ይደር። የማይሸፈነው በቸልታ አይደለም፤ የፍሪጁ ደረቅ አየር ላዩን እንዲያደርቀው ተፈልጎ ነው። በማግስቱ ላዩ ጠቆር ብሎ፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ ሲሆን ይታያል፤ የተፈለገውም ይህ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ደግሞ ልክ ኦቨን ውስጥ ሊያስገባው ሲል ጨው ይነስንስበት። ከሁሉ የከፋው ጨው ከተነሰነሰ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጥበስ ነው፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ወጥቶ ገና አልተመለሰምና ሥጋው በገዛ ውኃው ይቀቀላል።

ሥጋውን ማጠብ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ውኃ ባክቴሪያን ከሥጋ ላይ አያጠፋም፤ በማጠቢያው፣ በዕቃውና በልብስ ላይ ይረጨዋል፣ ላዩንም ያረጥባል። ማጥፋት የሚችለው ሙቀት ነው። የሚታይ ቆሻሻ ካለ ተቆርጦ ይጣል ወይም በእርጥብ ፎጣ ተጠርጎ ይድረቅ።

የብልቱ ምርጫ በመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ አለበት። ጭቅና፣ ሽንጥና ከጎድን ላይ የሚወጣው ሥጋ እንስሳው አብዝቶ የማያሠራቸው ጡንቻዎች ስለሆኑ ጅማታቸው ጥቂት ነው፤ ደረቅ ሙቀት ይበቃቸዋል። ታፋ መካከል ላይ ነው፤ ስቡ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ በጥንቃቄ ተጠብሶ በስሱ ከተቆረጠ ግን ጥሩ አሮስቶ ይወጣዋል። ወርች፣ ፍሬምባና አንገት በዚህ መንገድ አይሆኑም፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። የእርዱ ቀንም ይቆጠራል። ከብት ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው ይገተራል፤ ከዚያ በራሱ ኢንዛይሞች ሥራ በቀናት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። በታረደ ማግስት ኦቨን የገባ ሥጋ በምንም ቅመም አይለሰልስም። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ተሰቅሎ አንድ ሳምንት የቆየ ሥጋ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ይህ ማቆየት ግን የሥጋ ቤቱ ሥራ ነው፤ በቤት ፍሪጅ ጥሬ ሥጋ ከ3 እስከ 5 ቀን በላይ አይቀመጥም።

ስጋውን የሚሸፍነው ነጭና አንጸባራቂ ስስ ጅማት በስለታም ቢላዋ መገፈፍ አለበት። እንደ ሌላው ጅማት በሙቀት አይሟሟም፤ ሲጠበስ ይኮማተርና ሥጋውን ያጣምመዋል። በላዩ ያለው ጮማ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ተትቶ በቢላዋ ጫፍ በሰያፍ ይጫር፤ ቢላዋው ቀዩን ሥጋ ግን እንዳይነካ። ጫፉ የሳሳ ከሆነ ወደ ታች ታጥፎ በጥጥ ክር በየ3 ወይም 4 ሴንቲሜትሩ ይታሰር። ማሰር ለውበት የሚደረግ ብቻ እንዳይመስለን፤ ውፍረቱ ዳር እስከ ዳር አንድ ካልሆነ መሐሉ ሲደርስ ጫፉ ደርቆ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ቅመሙ ቦታ አለው። ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ሰናፍጭ፣ ሁሉም ላዩን ጥሩ ሽፋን ያደርጉታል፤ ለ3 ኪሎ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሸካራ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ቅጠልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ ይበቃሉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ማርና የተፈጨ ቀይ በርበሬ ግን በኃይለኛ ሙቀት ያርራሉ፣ ይመርራሉም፤ እነዚህ ሥጋው በዝቅተኛ ሙቀት ሲበስል ብቻ፣ ወይም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይቀቡ። ሥጋውን በቢላዋ እየወጉ ነጭ ሽንኩርት መሰግሰግ የተለመደ ነው። ወጥ በሆነ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ቢላዋው ወደ መሐል ያስገባዋል። እንዲህ የተደረገ፣ ወይም ተዘርግቶ የተጠቀለለ ሥጋ በቀይነቱ መቅረብ የለበትም።

አሁን ወደ እሳቱ። ብዙ መመሪያ «መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ላዩን አጥብሱት፣ ወዙ እንዳይወጣ ይዘጋል» ይላል። ይህ ሐሳብ በ1840ዎቹ በጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተስፋፋ ነው፤ በኋላ በሚዛን ሲፈተሽ ላዩ የተጠበሰው ሥጋም እንደሌላው ውኃውን እንደሚያጣ ታይቷል። ቅርፊቱ ውኃ አይዘጋም፤ በትኩስ መጥበሻ ላይ የሚሰማው ድምፅ ራሱ እየወጣ የሚተን ውኃ ድምፅ ነው። ቅርፊቱ የሚፈለገው ለጣዕሙ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 የገለጸው በፕሮቲንና በስኳር መካከል የሚደረግ ለውጥ ላዩን ቡናማ ያደርገዋል፣ መዓዛውንም ያመጣል። ይህ ለውጥ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው፤ ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከውኃ መፍያ አያልፍም። ስለ ድርቀት ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

እኔ የምመክረው ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ መሄድን ነው። ኦቨኑ 120 ዲግሪ ይሁን፤ ሥጋው ጠርዙ አጭር በሆነ ትሪ ውስጥ፣ በፍርግርግ ላይ፣ ሳይሸፈን ይቀመጥ። ግድግዳው ረጅም የሆነ ዕቃና ፎይል እንፋሎት አፍነው ጥብሱን ቅቅል ያደርጉታል። መሐሉ ከሚፈለገው ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ሲቀረው ወጥቶ 15 ደቂቃ ይረፍ፤ በዚህ መሐል ኦቨኑ 250 ዲግሪ ይድረስ፤ ሥጋው ተመልሶ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ገብቶ ቅርፊት ያውጣ። ገና ከጅምሩ በ220 ዲግሪ የሚጠበስ ሥጋ ላዩ ቶሎ ያምራል፤ ሲቆረጥ ግን ከቅርፊቱ ሥር ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር የሚሆን ግራጫና ደረቅ ቀለበት ይታያል፣ ቀዩ መሐል ላይ ትንሽ ይቀራል። በዝቅተኛ ሙቀት የተጠበሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው።

«ለአንድ ኪሎ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚለው ሕግ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነው። ሙቀት ከውጭ ወደ መሐል የሚጓዘው በውፍረቱ ነው፤ ጊዜውም ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። 5 ኪሎ የሚመዝን ረጅም ሽንጥና ግማሹ የተቆረጠለት 2 ኪሎ ተኩል ሽንጥ ውፍረታቸው አንድ ከሆነ በተቀራረበ ጊዜ ይደርሳሉ። በኪሎ ያሰላ ሰው ትልቁን እጥፍ ጊዜ አስቆይቶ ያደርቀዋል። ለግምት ያህል፣ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ከፍሪጅ የወጣ ሥጋ በ120 ዲግሪ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የኦቨን ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ስለሚለይ ከዚህ የቀረበ ሰዓት መስጠት አንባቢን ማታለል ነው። ሥጋውን ውጭ አውጥቶ አንድ ሰዓት ማቆየትም የሚያሞቀው ላዩን ብቻ ነው፤ መሐሉ እምብዛም አይነቃነቅም። በረዶ የሆነ ሥጋ ግን ሙሉ በሙሉ መቅለጥ አለበት፤ በፍሪጅ ውስጥ ለየ2 ኪሎው አንድ ቀን ይሰጠው።

ቁርጡን የሚናገረው የሥጋ ቴርሞሜትር ነው። ጫፉ ከወፍራሙ ቦታ መሐል፣ ከአጥንትና ከስብ ርቆ ይግባ። የሚሻለው መሐሉን አሳልፎ ማስገባትና ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር የመሐሉ ሙቀት ነው። መሣሪያው ትክክል መሆኑ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውኃ ድብልቅ ይፈተሻል፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተሽ ከፍታ ላይ ላለ ሰው ያሳስታል፤ ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በ2,400 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

መሐሉ 52 ዲግሪ ሲሆን ሥጋው ቀይ ነው፤ ከ55 እስከ 57 ሮዝና ለስላሳ፤ ከ60 እስከ 63 ሮዝነቱ የደበዘዘ፤ ከ70 በላይ ሙሉ በሙሉ የበሰለ። ከ65 ዲግሪ ወዲያ የጡንቻው ክሮች አጥብቀው እየተኮማተሩ ውኃቸውን ይጨምቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዲግሪ በወዝ ይከፈላል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለወጥ የበሬ ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪና ከዚያ በኋላ የ3 ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨ ሥጋ ደግሞ 71 ዲግሪ ነው። 63 ዲግሪው የኮሶ ትል ዕጭ እንዳይተርፍም ይጠቅማል፤ ስለዚህ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለታመሙ ሰዎች ከዚህ በታች አይቅረብ። ሙሉ በሙሉ የበሰለ የሚወድ ቤተሰብ ጭቅና ከሚያደርቅ ጮማ ያለውን የጎድን ሥጋ ይምረጥ። ከተቆረጠ ሥጋ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽም ደም አይደለም፤ ማዮግሎቢን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ያቀላው ውኃ ነው፤ እሱን አይቶ ብቻ ወደ ኦቨን መመለስ አያስፈልግም።

ሥጋው ከኦቨን ከወጣ በኋላም ማብሰሉ አይቆምም። የላዩ ሙቀት ወደ መሐል እየገባ በዝቅተኛ ሙቀት የተጠበሰውን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ፣ በከፍተኛ የተጠበሰውን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። 60 የሚፈልግ ሰው በ220 ዲግሪ ሲጠብስ በ53 ካላወጣው አልፎበታል። ዕረፍቱ በከፍተኛ ሙቀት ለተጠበሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው፤ ፈሳሹ በረድ ሲል ስለሚወፍር ሲቆረጥ በጣውላው ላይ የሚፈሰው ይቀንሳል። በፎይል አጥብቆ መጠቅለል ግን ቅርፊቱን ያላሽቀዋል፤ ላላ ብሎ ከላይ ጣል ቢደረግ ይበቃል።

ወርች፣ ፍሬምባና አንገት ሌላ ሕግ አላቸው። ጅማታቸው ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ኮላጅን ወደ ለስላሳው ጄላቲን የሚለወጠው ቀስ ብሎ ሲሆን ለመለስለስ መሐሉ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ መድረስና እዚያው መቆየት አለበት። እነዚህን በ60 ዲግሪ የሚያወጣ ሰው የሚያኝከው ገመድ ነው። ክዳን ባለው ከባድ ድስት፣ የሥጋውን ሩብ ያህል በሚሸፍን ፈሳሽ፣ በ150 ዲግሪ ኦቨን ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ይቆዩ። ማብቃታቸውን ሹካ ይናገራል፤ ያለ ግፊት ገብቶ ያለ ግፊት ከወጣ ደርሷል። ሁለት ሰዓት ላይ ጠንክሮ ሲያገኙት «አልሆነም» ብሎ ማውጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጊዜ ነው።

አቆራረጡ የልፋቱ ግማሽ ነው፣ በተለይ ለታፋ። የሥጋው ክሮች ወዴት እንደሚሄዱ በጥሬው ይታይ፤ ከተጠበሰ በኋላ ቅርፊቱ ይደብቀዋልና በክሩ ማሰሪያ ወይም በአንዱ ጫፍ ላይ በትንሽ ቁርጥ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ቢላዋው ክሮቹን አቋርጦ፣ 5 ሚሊሜትር በሚሆን ስስ ቁራጭ ይቁረጥ። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ታፋ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠበስ ጥርስ ያደክማል።

ከትሪው ሥር የቀረው እንዳያርር ከመጀመሪያው የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ካሮት ቢነጠፍበት ጥሩ ነው። በመጨረሻ ስቡ ይቀዳና አንድ ሲኒ ትኩስ ውኃ ተጨምሮ የተጣበቀው በእንጨት ማንኪያ እየተፋቀ ይቀቀል፤ ጨው ከመጨመር በፊት ይቀመስ። የተረፈው ሥጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተቆራርጦ ፍሪጅ ይግባ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል።

አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የጥብስ መመሪያ ስታወጡ የብልቱን ስም፣ የጨዉን ክብደት በግራም፣ የሥጋውን ውፍረትና የመሐሉን ሙቀት ጻፉልን። ለእነዚህ ቦታ ካነሰ የቅመሙን ዝርዝር አሳጥሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምግብ ዝግጅት ባለሙያ